ከፖስታው የቀረው ወረቀት

(ጅቡቲ፣ በፈረንሳዮች ዘመን፤ የአገሩ ሰው ሚኒስትር የሚሆንበት የመጀመሪያው ምክር ቤት በሚመረጥበት የሰኔ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሙሴ ባርቶ የቡና መጋዘን ሠራተኞች በሚኖሩበት ግቢ፣ ጫኙ ዳምጠውና ሚስቱ አስካለ ክፍላቸው ውስጥ ይጨቃጨቃሉ፤ ውጭ ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይበትናል።)

ዳምጠው፦ አንዲት ወረቀት ናት የለመንኩሽ፣ አስካለ! ዓይንሽን አውጥተሽ ስጪኝ አላልኩም!

አስካለ፦ ዓይኔን ብትለኝ ይሻል ነበር። እሱስ ሁለት ነው።

ዳምጠው፦ ቀልድ አሁን ምን ይሠራል? ወደ ምርጫው የሚጭነን ካሚዮን ሊመጣ ነው። ሌሎቹ ለባብሰው በር ላይ ቆመዋል።

አስካለ፦ ይቁሙ። አንተ በመጀመሪያ ቁጭ በል። ክፍሏ እንደሆነች ጠባብ ናት፤ እንዲህ ስትንቆራጠጥባት ጭራሽ መተንፈሻ አጣሁ።

ዳምጠው፦ ቁጭ ማለት አልችልም።

አስካለ፦ እንግዲያው ቆመህ ንገረኝ። ከእንቅልፍህ ብንን እንዳልክ ነው ወሬውን የጀመርከው፤ ግማሹ አልገባኝም። ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?

ዳምጠው፦ ቀላል ነገር ነው። ምርጫው ጋ ስትሄጂ ሁለት ወረቀት ይሰጡሻል፤ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ። አረንጓዴው “አገራችንን ለእኛ ተዉልን” የሚሉት ሰዎች ነው። ነጩ ገዢውና ሙሴ ባርቶ የሚደግፏቸው ሰዎች ነው። አንዱን ፖስታ ውስጥ ትከቻለሽ፤ ፖስታውን ሣጥኑ ውስጥ ትጨምሪያለሽ። አንዱ እጅሽ ላይ ይቀራል።

አስካለ፦ የቀረውስ?

ዳምጠው፦ ሌላው ሰው ይጥለዋል። እኛን ግን አለቃችን ካቦው እንዳትጥሉት ብሎናል። ነገ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ይቆማል። አረንጓዴ ወረቀት ያሳየ ይገባል። አረንጓዴው እጁ ላይ ከቀረ ነጩን መርጧል ማለት ነዋ!

አስካለ፦ ያላሳየስ?

ዳምጠው፦ ሥራ የለውም። ሥራ ከሌለ ደግሞ ይቺ ክፍል የለችም። ቧንቧውም የለም። ግቢው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አስካለ፦ አውቃለሁ። ታዲያ ነጩን ከተህ አረንጓዴህን ይዘህ ግባ። እኔን ምን ታደርገኛለህ?

ዳምጠው፦ እኔማ አረንጓዴውን ነው የምመርጠው!

አስካለ፦ እንዴ?

ዳምጠው፦ ምን እንዴ ትይኛለሽ? አብሮኝ ለሚጭነው ለፋራሕ ቃል ሰጥቼዋለሁ። በእናቴ ስም ምዬለታለሁ።

አስካለ፦ ጫት ላይ ነው የማልክለት?

ዳምጠው፦ የትም ይሁን። መሐላ መሐላ ነው።

አስካለ፦ ለካቦውስ ምን አልከው?

ዳምጠው፦ ...እሺ አልኩት።

አስካለ፦ ለዚያ ለባለ ጥቁር መነጽሩ ሰውዬስ? ከላይ ከሐበሻ አገር መጣሁ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሰበሰበን? “ሐበሻ የሆነ ሁሉ ነጩን ይምረጥ” ላለን? ማን ላከህ ብንለው ስቆ ላለፈን?

ዳምጠው፦ እሱንም እሺ ብዬዋለሁ። ምን ልበለው? መነጽሩን አያወልቅ፤ ማንን እንደሚያይ እንኳ አይታወቅ። ፈራሁታ!

አስካለ፦ ለሁሉም እሺ ብለህ አንዲት ፖስታ ይዘህ ልትሄድ።

ዳምጠው፦ ለዚህ ነዋ አንቺ የምታስፈልጊኝ! ስሚኝ። አንቺ አሁን ትሄጂና ነጩን ትከቻለሽ። አረንጓዴው እጅሽ ላይ ይቀራል። እሱን ጡትሽ ሥር ሸጉጠሽ ታመጪልኛለሽ። በቃ! የእኔ አረንጓዴ ሣጥኑ ውስጥ፣ ያንቺ አረንጓዴ ካቦው አፍንጫ ሥር። ቃሌም አይታጠፍ፣ ሥራዬም አይቀር።

አስካለ፦ ይሄን መቼ አሰብከው?

ዳምጠው፦ ሌሊት፣ ከረጢት ተሸክሜ መርከቡ ላይ ስወጣ ነው የመጣልኝ። ሳቄ አምልጦኝ ከረጢቱን ባሕር ውስጥ ልጥለው ነበር።

አስካለ፦ ሐሳቡን ብትጥለው ይሻል ነበር። እስኪ እጅህን አምጣ።

ዳምጠው፦ ለምን?

አስካለ፦ አምጣው። ይሄ ጣት ያንተ አረንጓዴ ነው። ይሄ ደግሞ የእኔ ነጭ። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ዳምጠው፦ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ።

አስካለ፦ ማን አሸነፈ?

ዳምጠው፦ ...ማንም።

አስካለ፦ እንዲያ ከሆነ እዚሁ ጥላ ሥር ቁጭ ብንል ምን ይለየዋል? በዚህ ነፋስ ዓይናችንን አሸዋ የምናስሞላው ለምንድን ነው?

ዳምጠው፦ ቁጭ ካልንማ አረንጓዴ ወረቀት አይኖረኝም! ሥራውስ?

አስካለ፦ ለሥራው ከሆነ ሌላ መንገድ አለው። አንተ ነጩን ክተት፣ አረንጓዴውን እኔ ልክተት። አሁንም አንድ ለአንድ ነው። አረንጓዴህን ይዘህ ሥራህ ትገባለህ። መቀባበል የለ፣ ጡት ሥር መሸጎጥ የለ።

ዳምጠው፦ እሱማ አይሆንም!

አስካለ፦ ለምን አይሆንም? ቁጥሩ ያው ነው።

ዳምጠው፦ ቁጥሩ ያው ነው፤ ነገሩ ግን ያው አይደለም።

አስካለ፦ ልዩነቱን ንገረኛ።

ዳምጠው፦ ነገ ፋራሕ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ...

አስካለ፦ ፋራሕ ፖስታህ ውስጥ ምን እንዳለ ያያል?

ዳምጠው፦ እሱ አያይም። እኔ ግን አውቃለሁ። እኔ ራሴ አውቃለሁ፣ አስካለ!

አስካለ፦ እኔስ? እኔ ነጩን ስከት ማን ያውቃል? ግድግዳው?

ዳምጠው፦ አንቺማ...

አስካለ፦ ጨርሰው። አንቺማ ምን?

ዳምጠው፦ አንቺ ለማንም አልማልሽም ማለቴ ነው።

አስካለ፦ ስላልማልኩ ነውሩን እኔ ልሸከምልህ! አንተ ልብህ ንጹሕ ሆኖ ከፋራሕ ጋር ትቅማለህ። እኔ ቧንቧው ላይ ከሚስቱ ከሐሊማ ጎን አንገቴን ደፍቼ ውሃ እቀዳለሁ።

ዳምጠው፦ ሐሊማ በምን ታውቅብሻለች?

አስካለ፦ አሁን አንተ ምን አልክ? እኔ ራሴ አውቃለሁ አላልክም?

ዳምጠው፦ ኤጭ! ይሄ ነፋስ ነው ሰው የሚያሳብደው። መስኮቱን ዝጊው።

አስካለ፦ ከዘጋሁት ታፍነን እንሞታለን።

ዳምጠው፦ እንግዲያው ክፈችው!

አስካለ፦ ክፍት ነው እኮ። ዳምጠው፣ ምን ሆነሃል ዛሬ? እንዲህ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ነጩን ከትቶ መምጣት ያን ያህል ምን አለው? ግቢው ሁሉ ያንኑ ሊያደርግ አይደለም?

ዳምጠው፦ ግቢውን ተይው። ፋራሕ ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?

አስካለ፦ ምን አለህ?

ዳምጠው፦ ከረጢት እየደረደርን ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ “እናንተ ሐበሾች ነገሩ ካልጣማችሁ ባቡራችሁን ትሳፈራላችሁ፤ እኛ ወዴት እንሳፈራለን?” አለኝ። አንጀቴን በላው። ባለፈው እግሬ ላይ ሣጥን ሲወድቅብኝ የእኔን ሸክም በራሱ ላይ ደርቦ የዋለልኝ ሰው ነው። እኔን ካቦው እንዳያባርረኝ ብሎ!

አስካለ፦ እውነቱን ነው የነገረህ። ትሳፈራለህ።

ዳምጠው፦ አልሳፈርም!

አስካለ፦ ድሬዳዋ እናት አለህ፣ ወንድም አለህ፣ የምትገባበት ቤት አለህ። እኔ ነኝ የምሳፈርበት የሌለኝ። ድሬዳዋን አንድ ጊዜ ነው ያየኋት። እሱንም እናትህ “ይቺ የባሕር ልጅ፣ አነጋገሯ ራሱ ጨው ጨው ይላል” ብለው እየሳቁብኝ ነው የተመለስኩት።

ዳምጠው፦ እናቴን አሁን ምን አመጣት?

አስካለ፦ አንተ ነህ በስማቸው የማልክ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ። አባቴ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ የተቀበረው እዚሁ አሸዋ ውስጥ ነው። የምርጫ ካርዴንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ጸሐፊው “ሐበሻ ነሽ፣ ወደ አገርሽ” ሲለኝ፣ ስመለስ፣ ደግሞ ስሄድ፣ መወለዴን በሽማግሌ አስመስክሬ ነው ያወጣሁት። አንተስ ካርድህን ከየት አመጣኸው?

ዳምጠው፦ እሱ ምን ያደርግልሻል?

አስካለ፦ ንገረኛ!

ዳምጠው፦ ...ካቦው ነው ያመጣልን። ታውቂ የለ!

አስካለ፦ ለሁላችሁም በአንድ ቀን። አምና የመጣውንም፣ ከባቡር ወርዶ አቧራውን እንኳ ያላራገፈውንም። ለምን ይመስልሃል? ሙሴ ባርቶ ዓይናችሁን ወዶት ነው?

ዳምጠው፦ ነጭ እንድንመርጥለት ነው። አላውቅም ብለሽ ነው? እሱ ነው እኮ የሚያበግነኝ! ፋራሕ እዚህ ተወልዶ፣ አባቱም እዚህ ተወልዶ፣ ካርድ ሲጠይቅ ስምህ የለም አሉት። የሚስቱን ሰጥተው የእሱን ከለከሉት። ጮኸባቸዋ! ቢጮህ ይፈረድበታል? ከዚያ እኔ፣ ከድሬዳዋ ትናንት የመጣሁት ሰውዬ፣ ተኝቼ ካርድ መጣልኝ።

አስካለ፦ ፋራሕ ካርድ የለውም እንዴ?

ዳምጠው፦ የለውም። ለዚህ ነው የማልኩለት። “በአንተ እጅ ልምረጥ” አለኝ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ? እንግዲህ ያ አረንጓዴ የእኔ አይደለም፤ የፋራሕ ነው። አሁን ገባሽ?

አስካለ፦ ገባኝ። አስቀድመህ ለምን እንዲህ አልነገርከኝም?

ዳምጠው፦ ጣቴን ስትቆጥሪ መቼ ፋታ ሰጠሽኝ?

አስካለ፦ ሐሊማም አልነገረችኝ። ኩራቷ ነው። “ባሌን ከለከሉት” ከምትል ምላሷን ብትቆርጥ ይሻላታል።

ዳምጠው፦ ያውልሽ! ሰማሽ? ጡሩንባውን እየነፋ ነው። መጣ!

አስካለ፦ እሱ የዳቦ ቤቱ መኪና ነው። እንደዚህ የሚያስለው እሱ ነው።

ዳምጠው፦ የዳቦ ቤቱም ይሁን። አንቺ ተነሺ። አንቺን በካሚዮን የሚወስድሽ የለም፤ በእግርሽ ነሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሻሽሽን እሰሪና ሂጂ።

አስካለ፦ እሺ፣ ቆይ።

ዳምጠው፦ ምን ቆይ አለ! የእኔ እመቤት፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ? ለእኔ ብለሽ ባይሆን ለፋራሕ ብለሽ።

አስካለ፦ ለፋራሕ ብዬ የፋራሕን ጠላት ልመርጥ? አየህ የምትለውን?

ዳምጠው፦ አታዙሪብኝ! እኔ የማውቀው አረንጓዴ ወረቀት እንደሚያስፈልገኝ ብቻ ነው። ወዲህ ካቦው፣ ወዲያ ባለ መነጽሩ ሰውዬ። ማታ ማታ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚጮኸው ራዲዮ “አረንጓዴ ያልመረጠ ከሃዲ ነው” ይላል። እዚህ አገር አንድ ቀን ውሎ የማያውቅ ሁሉ እኔ ፖስታ ውስጥ ምን እንደሚገባ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ!

አስካለ፦ ታዲያ እኔንም አንተ ልታዘኝ ነው የመጣኸው። በአዛዦቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ።

ዳምጠው፦ እኔ ባልሽ ነኝ!

አስካለ፦ ባሌ ነህ። ራዲዮ አትሁንብኝ ነው ያልኩህ። ደግሞ ነገሩ አንተ እንዳሰብከው ቀላል አይደለም። ወረቀቱን ሸጉጦ መውጣት የት ይገኛል? የምትወጣው በጠረጴዛው በኩል ነው። እዚያው ዘንቢል አለ። ያ ወፍራሙ ዘበኛ ዘንቢሉን እግሮቹ መሀል አድርጎ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ያያል። ላብ በላብ ሆኗል፤ ዓይኑን ግን አይነቅልም። ነጩ ሲጣል፣ አረንጓዴው ተመርጧልና፣ ከንፈሩን ይነክሳል።

ዳምጠው፦ ዘንቢል አለ?

አስካለ፦ የዘንባባ ዘንቢል። እጀታው የተበጠሰ።

ዳምጠው፦ ...አስካለ።

አስካለ፦ አቤት።

ዳምጠው፦ እጀታው መበጠሱን አንቺ በምን አወቅሽ?

አስካለ፦ ሰው ነገረኝ።

ዳምጠው፦ ማን?

አስካለ፦ ሐሊማ።

ዳምጠው፦ ዘበኛው ላብ በላብ መሆኑንም?

አስካለ፦ በዚህ ሙቀት ላብ የማይሆን ማን አለ?

ዳምጠው፦ ጠዋት አንድ ጊዜ ነቅቼ ስጠራሽ አልነበርሽም።

አስካለ፦ ቧንቧ ላይ ነበርኩ።

ዳምጠው፦ ባልዲው ባዶውን ነው።

አስካለ፦ ውሃው ሄዶ ነበር።

ዳምጠው፦ ነጠላሽ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጥለቱ ድረስ አሸዋ ነው። ምርጫው ጋ የሚያደርሰውን ዳገት ወጥተሽ ወርደሻል። ካርድሽን አምጪ።

አስካለ፦ ምን ያደርግልሃል?

ዳምጠው፦ ካርድሽን አምጪ አልኩሽ!

አስካለ፦ አትጩህ። ከትራሱ ሥር ነው። ራስህ አውጣው።

ዳምጠው፦ ...ማህተም ተመትቶበታል።

አስካለ፦ አዎ።

ዳምጠው፦ መርጠሻል!

አስካለ፦ መርጫለሁ። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አንተ ከመርከቡ መጥተህ እንደተኛህ።

ዳምጠው፦ እኔ እዚህ በጉልበቴ ልንበረከክ ስደርስ፣ ጣቴን ይዘሽ አረንጓዴና ነጭ እያልሽ ስታጫውቺኝ፣ መርጠሽ ጨርሰሻል?

አስካለ፦ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ዳምጠው፦ ባልሽን ሳታማክሪ!

አስካለ፦ አንተ ለፋራሕ ስትምል አማከርከኝ? ካቦውን እሺ ስትል አማከርከኝ?

ዳምጠው፦ ምን ከተትሽ?

አስካለ፦ ምን የምከት ይመስልሃል?

ዳምጠው፦ ንገሪኝ!

አስካለ፦ አረንጓዴውን።

ዳምጠው፦ ነጩስ? ዘንቢሉ ውስጥ ጣልሽው?

አስካለ፦ ዘበኛው እንዳያየኝ ነጠላዬ ሥር ሸጉጬው ወጣሁ። ምሳህን ሳሞቅ ከሰሉን ያቀጣጠልኩት በእሱ ነው።

ዳምጠው፦ እና ያን ሽሮ በሙሴ ባርቶ ወረቀት ነው የበላሁት?

አስካለ፦ ጥሩ ነው ብለህ ጨምሪልኝ ብለሃል።

ዳምጠው፦ አትሳቂ! እኔ መሳቅ አላማረኝም። ቤታችን መሄዱ ነው እኮ፣ አስካለ! ፈራሁ ስልሽ አትሰሚኝም? ፈርቻለሁ!

አስካለ፦ እኔ ያልፈራሁ መሰለህ? ከመጋረጃው ኋላ ስገባ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ይቺ ክፍል ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ባልዲው፣ ምንጣፉ፣ አንተ ሻንጣህን ተሸክመህ ጣቢያ ስትቆም፣ ሁሉም መጣብኝ። ነጩን አንሥቼ ነበር። እውነቴን ነው። ግማሹን ፖስታው ውስጥ አስገብቼው ነበር።

ዳምጠው፦ ታዲያ ምን መለሰሽ?

አስካለ፦ አባቴ። ሞቶ የአስከሬን ሣጥን ስንለምን ሹሙ “ይሄ አገሩ እዚህ አይደለም፤ እዚህ ለምን ይቀበራል?” ያለን ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ! አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ የዚህ አገር ሰው መሆን አማረኝ። ነጩን አወጣሁትና አረንጓዴውን ከተትኩ። ይኸው ነው።

ዳምጠው፦ ...እንዲህ ብለሽ ከነገርሽኝ ምን እልሻለሁ? አፌን ዘጋሽው።

አስካለ፦ አልዘጋሁትም። አፍህ ዛሬ ያስፈልገኛል።

ዳምጠው፦ አሁን እኔ ምን ልሁን? በቃ፣ አረንጓዴውን ከትቼው ልምጣ! የመጣው ይምጣ! ወንድ አይደለሁም እንዴ?

አስካለ፦ ነገስ የት እናድራለን?

ዳምጠው፦ ...እንግዲያው ነጩን ልክተት።

አስካለ፦ ፋራሕን ምን ትለዋለህ?

ዳምጠው፦ አሁንስ ልታሳብጂኝ ነው! አረንጓዴ ስል ቤቱ፣ ነጭ ስል ፋራሕ። ሌላ ቀለም የለም እኮ!

አስካለ፦ ፖስታው ውስጥ ስትከት ማን ያይሃል? ማለቴ፣ ከመጋረጃው ኋላ ማን አለ?

ዳምጠው፦ ማንም የለም። እኔ ብቻ።

አስካለ፦ ምንም ባትከትበትስ?

ዳምጠው፦ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለ፦ ፖስታውን ባዶውን ታሽገዋለህ። ሣጥኑ ውስጥ ትጨምረዋለህ። ሁለቱም ወረቀት ኪስህ ውስጥ ነው። ነጩን እንደ እኔ ከሰል አቀጣጥልበት። አረንጓዴውን ነገ ለካቦው አሳየው።

ዳምጠው፦ ባዶ ፖስታ?

አስካለ፦ ባዶ ፖስታ።

ዳምጠው፦ ሌሊቱን ሙሉ ስሸከም አድሬ፣ በዚህ ፀሐይ ተሰልፌ፣ ነፋስ ልመርጥ?

አስካለ፦ ነፋሱስ ምን አለው? ሙሴ ባርቶ ካርዱን ያወጣልህ ነጭ እንድትሆንለት ነው። ባዶ ከሆንክበት ምን ጠቀመው?

ዳምጠው፦ ለፋራሕስ? አረንጓዴ ነው ያልኩት፤ ባዶ አላልኩም።

አስካለ፦ ፋራሕን እንዳለ ንገረው። “በማይገባኝ ካርድ በአገርህ ላይ አልፈረድኩም” በለው። ካርድ የተከለከለ ሰው ይሄ ይገባዋል። እንዲያውም ከመሐላህ የበለጠ ደስ ይለዋል። ያንተን መሐላማ ጫት በቃመ ቁጥር ይሰማዋል።

ዳምጠው፦ እየሰደብሽኝ ነው?

አስካለ፦ ትንሽ።

ዳምጠው፦ ...ካሚዮኑ ነው! ይሄስ ካሚዮኑ ነው። ካቦው ስማችንን እየጠራ ነው።

አስካለ፦ ካቦው የት ነው የሚቀመጠው?

ዳምጠው፦ ከሹፌሩ ጎን ነዋ። እኛ ከኋላ ቆመን ነው የምንሄደው፤ እንደ ከብት።

አስካለ፦ ከኋላ የምትሉትን ይሰማል?

ዳምጠው፦ በዚህ ነፋስ? የራሱን ድምፅ ከሰማ ይበቃዋል።

አስካለ፦ እንግዲያው ያን አፍህን አሁን ክፈተው። ጫት ላይ ስትለፈልፍ የሚሰሙህ ሁሉ ካሚዮኑ ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ንገረው። ባዶውን አሽጉ፣ አረንጓዴውን ያዙ በላቸው።

ዳምጠው፦ አንዱ ለካቦው ቢያሳብቅስ?

አስካለ፦ ምን ብሎ? ነገ ሁላችሁም አረንጓዴ ይዛችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ። ካቦው ያለው ይሄንኑ አይደል?

ዳምጠው፦ ማታ ሣጥኑ ተከፍቶ ባዶ ፖስታ ተዘርግፎ ሲያዩስ?

አስካለ፦ ይዩታ! ፖስታ ላይ ስም አልተጻፈ። ማንን ያባርራል? ሁላችሁንም ካባረረ መርከቡን ማን ይጭንለታል? እሱ ራሱ?

ዳምጠው፦ ሙሴ ባርቶ ከረጢት ተሸክሞ! ...እሱን ባይ ነፍሴ ብትወጣም አይቆጨኝ።

አስካለ፦ ሸሚዝህን ቆልፍ። አዝራሩን አዛብተኸዋል።

ዳምጠው፦ ተጣድፌ ነው። አንቺ ቆልፊልኝ።

አስካለ፦ ቀጥ በል። ...ኮፍያህን አድርግ፣ አሸዋው ዓይንህን ያጠፋዋል።

ዳምጠው፦ እየጠራኝ ነው። “ዳምጠው!” ይላል፣ ሰማሽው? መጣሁ! መጣሁ፣ አለቃ! ...አስካለ።

አስካለ፦ ሂድ እንጂ! ምን ቀረህ?

ዳምጠው፦ እሺ፣ እኔ ባዶ ከተትኩ። ካሚዮኑ ሙሉም ባዶ ከተተ እንበል። ከመቼ ወዲህ ነው ባዶ ያሸነፈው? ከዚህ ግቢ ሣጥኑ ውስጥ የገባችው አረንጓዴ ያንቺ አንዲት ወረቀት ናት። ብቻሽን የከተትሻት ወረቀት ሙሴ ባርቶን፣ ገዢውን፣ ባለ መነጽሩን ሰውዬ ምን ታደርጋቸዋለች?

አስካለ፦ ብቻሽን ማን አለህ? እናንተ ስታንኮራፉ ሐሊማ በር እያንኳኳች ስትቀሰቅስ፣ ካርድ ያላት ሴት ከዚህ ግቢ አንዲት አልቀረችም፤ ያ ዘበኛ ከንፈሩን ሲነክስ የዋለው በማን መሰለህ? ካቦው አረንጓዴውን አምጡ ያለው እናንተን ነው፤ የእኛን ግን እስካሁን የጠየቀ የለም።